ሚኒያፖሊስ ወኪሏን የምትመርጠው በነሐሴ ነው

ጁን 5 ቀን 2018 በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት የዕጩዎች ምዝገባ የሚዘጋበት ዕለት ነበር። ግርግሩ የጀመረው ከዋዜማው ነው። የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሎሪ ስዋንሰን በፓርቲያቸው በዴሞክራቶች ጉባዔ ያሰቡትን ይሁንታ ሲያጡ ወንበራቸውን ትተው ለአገረ ገዥነት ለመወዳደር ወሰኑ። በማግስቱ የኮንግረስ አባሉ ኪት ኤሊሰን ክፍት ለሆነው የዐቃቤ ሕግነት ቦታ ተመዘገቡ። ኤሊሰን ሲነሡ ደግሞ የእሳቸው መቀመጫ፣ ማለትም የሚኒሶታ 5ኛው የኮንግረስ ምርጫ ክልል፣ ባለቤት አጣ። በዚያው ቀን የግዛቱ ምክር ቤት አባል የነበሩት ኢልሃን ኦማር ስማቸውን አስመዘገቡ። የፓርቲው ዕጩ እስከሚለይበት ቅድመ ምርጫ የቀረው ጊዜ አሥር ሳምንት ብቻ ነበር። ሞቃዲሾ ተወልደው፣ በኬንያ የስደተኞች ካምፕ አራት ዓመት ኖረው በ1995 አሜሪካ የገቡት ሴት ወደ ዋሽንግተን የተጓዙበት በር የተከፈተው በዚህ ጥድፊያ ነው።

ዓለም ዜናውን የሰማው በኖቬምበር ነው፤ ኦማር በ78 በመቶ ድምፅ አሸነፉ ተባለ። የሚኒያፖሊስን ፖለቲካ ለሚከታተል ሰው ግን ወሬው ሦስት ወር አልፎበታል። ነገሩ የተቋጨው ኦገስት 14 ቀን፣ በፓርቲው ቅድመ ምርጫ ላይ ነበር። ያን ዕለት ኦማር ያገኙት 48 በመቶ፣ በቁጥር ሲገለጽ ወደ 65,000 የሚጠጋ ድምፅ ነው። ሁለተኛ የወጡት የቀድሞዋ የግዛቱ ምክር ቤት አፈ ጉባዔ ማርጋሬት አንደርሰን ኬሊኸር ወደ 30 በመቶ አገኙ። ከ700,000 በላይ ሕዝብ የሚኖርበት ክልል ወኪሉን ያገኘው ከግማሽ ባነሰ የቅድመ ምርጫ ድምፅ ነበር።

የሚኒሶታ ቅድመ ምርጫ በኦገስት ሁለተኛው ማክሰኞ ስለሚደረግ በእኛ አቆጣጠር ምንጊዜም በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ይውላል። አጠቃላይ ምርጫው ደግሞ ጥቅምት ሊያበቃ ሲል ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ «የነሐሴው» እና «የጥቅምቱ» እያልሁ ብጽፍ አንባቢ አይሳሳትም። የዚህን ምርጫ ክልል ታሪክ ለመረዳት ከሁሉ የሚጠቅመው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ነው፤ የጥቅምቱ ለወግ ያህል የሚደረግ ነው፣ ሥልጣን የሚሰጠው የነሐሴው ነው። ሪፐብሊካን ዕጩ ይህን ወንበር ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው በ1960 ነው።

ሌላም ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። በሚኒሶታ መራጭ በፓርቲ አባልነት አይመዘገብም። በነሐሴ ወደ ጣቢያ የሄደ ሁሉ የፈለገውን ፓርቲ ዓምድ መርጦ ድምፅ ይሰጣል፤ የሚከለከለው ከሁለቱም መቆንጠር ነው። ሪፐብሊካን ጎረቤት በዴሞክራቶች ዓምድ ላይ ምልክት ቢያደርግ ማንም «ምን አገባህ?» አይለውም። በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሚገባው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ክልሉ ግን ሁልጊዜ የዴሞክራቶች ርስት አልነበረም። ሚኒያፖሊስ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ከባድ መልክ ነበራት። በ1934 የጭነት መኪና ሠራተኞች ባደረጉት አድማ ፖሊስ ተኩሶ ከ60 በላይ ሰዎች አቆሰለ፤ ሁለት ሞቱ። በ1946ም ከተማዋ በአይሁድ ጥላቻ የሀገሪቱ ዋና ከተማ ተብላ በጽሑፍ ተወቀሰች። በ1944 ዴሞክራቶችና የገበሬ ሠራተኛው ፓርቲ ተዋሕደው ዛሬ በአጭሩ ዲኤፍኤል የሚባለውን ፓርቲ ሲመሠርቱ፣ ከአዋሐዱት ሰዎች አንዱ ኋላ የሚኒያፖሊስ ከንቲባ፣ ከዚያም ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት ሂዩበርት ሃምፍሪ ነበሩ። ያም ሆኖ የ5ኛው ክልል ወንበር በዚያ ዘመን በሪፐብሊካኑ ዋልተር ጀድ እጅ ነበር።

ጀድ ዛሬ በሚኒያፖሊስ የሚያስታውሳቸው ጥቂት ነው። ቻይና ውስጥ በሚሲዮናዊ ሐኪምነት ዓመታት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ጃፓን ቻይናን ስትወር በአሜሪካ ከግዛት ግዛት እየዞሩ «ብረታችንን ለጃፓን መሸጥ እናቁም» ብለው ሰበኩ፤ ፐርል ሃርበር ከተደበደበ በኋላ ቃላቸው እንደ ትንቢት ተቆጠረላቸው። በ1942 የራሳቸውን ፓርቲ ነባር ወኪል በቅድመ ምርጫ አሸንፈው ኮንግረስ ገቡ፤ ልብ በሉ፣ ያን ጊዜም በሩ ቅድመ ምርጫ ነበር። ሃያ ዓመት ተቀመጡ። በቻይና ጉዳይ የቻይናው መሪ ቺያንግ ካይ ሼክ ወዳጅ ሆነው ሲከራከሩ ኖሩ። እስያውያን ስደተኞች በዘራቸው ምክንያት ዜግነት እንዳያገኙ የሚከለክለው ሕግ በ1952 እንዲሰረዝም ታገሉ። እንግዲህ ከዚህ ክልል ወጥቶ ዓይኑን ከባሕር ማዶ ያላነሣ ወኪል ኢልሃን ኦማር የመጀመሪያዋ አይደሉም።

ከ1960ው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ሚኒሶታ አንድ ወንበር አጣች፤ ከዘጠኝ ወደ ስምንት ወረደች። ካርታው ሲቀየር የጀድ ክልል የሠራተኛ ሰፈሮችን ጨመረ። በ1962 ዶናልድ ፍሬዘር የሚባሉ የግዛቱ ሴኔት አባል አሸነፏቸው፤ ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ከዲኤፍኤል እጅ ወጥቶ አያውቅም።

በፍሬዘር ላይ ትንሽ መቆየት አለብኝ። የዚህ ጽሑፍ ሁለቱም ክሮች በእሳቸው እጅ ያልፋሉና።

አንደኛው ክር የቅድመ ምርጫው ነው። በ1968 ሃምፍሪ አንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ፣ በፓርቲ መሪዎች ስምምነት የዴሞክራቶች ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ሆኑ። የፓርቲው ጉባዔ የተካሄደባት ቺካጎ በረብሻ ታመሰች። ፓርቲው የዕጩ አመራረጥ ሕጉን እንዲያሻሽል ኮሚሽን አቋቋመ፤ መጀመሪያ ሴናተር ጆርጅ ማክገቨርን፣ ከዚያ ፍሬዘር መሩት። ዛሬ አሜሪካውያን ፕሬዚዳንታዊ ዕጩን ከግዛት ግዛት እየዞሩ በቅድመ ምርጫ የሚለዩበት ሥርዓት በአብዛኛው ከዚያ ኮሚሽን የመነጨ ነው። ዕጣ ፈንታ ታዲያ ቀልደኛ ናት። ሃምፍሪ በ1978 መጀመሪያ ሲሞቱ ፍሬዘር ለሴኔት ቀረቡ፤ የፓርቲው ጉባዔም ደገፋቸው። በሰሜናዊው የሐይቆች ዱር የሞተር ጀልባ እንዲገደብ የሚደግፉ ስለነበሩ የሰሜን ሚኒሶታ ሰው ቂም ይዞባቸዋል። ባለሀብቱ ቦብ ሾርት በቅድመ ምርጫው በጥቂት ሺህ ድምፅ ጣሏቸው። ጥቅምት ላይ ደግሞ ሾርት በሪፐብሊካኑ ዕጩ ተሸነፉ። ፍሬዘር ወደ ሚኒያፖሊስ ተመልሰው ከንቲባ ሆኑ፤ ከአሥር ዓመት በላይም በሥልጣን ቆዩ።

ሁለተኛው ክር እኛን ይነካል። ፍሬዘር በተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሥር ያለ አንድ ንኡስ ኮሚቴ ይመሩ ነበር። በ1973 በዓለም ዙሪያ ስላለው የሰብአዊ መብት ይዞታ ተከታታይ የምስክርነት ስብሰባዎች ጠሩ። ያን ጊዜ ኮንግረስ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉዳይ ማንሣት እንደ የዋህነት ይታይ ነበር። ከዚያ ሥራ በመነጨው ሕግ መሠረት ዜጎቹን በገፍ ለሚያሠቃይ መንግሥት የሚሰጠው ወታደራዊ ርዳታ እንዲገደብ፣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም ስለየሀገሩ የሰብአዊ መብት ይዞታ ለኮንግረስ ሪፖርት እንዲያቀርብ ተደነገገ። አዲስ አበባ ውስጥ መንግሥትን ሁሉ በየዓመቱ የሚያስቆጣው የአሜሪካ የሰብአዊ መብት ሪፖርት የዘር ሐረጉ ቢቆጠር ሚኒያፖሊስ ላይ ይደርሳል። በፌብሩዋሪ 1977 የካርተር አስተዳደር በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ወታደራዊ ርዳታ ይቀነስባቸዋል ብሎ ከጠራቸው ሦስት ሀገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ደርግ በአፕሪል መልሱን ሰጠ፤ አስመራ ያለውን የቃኘው ጣቢያና ሌሎች የአሜሪካ ተቋማትን ዘጋ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ፍሬዘር ናቸው ማለቴ አይደለም፤ የጂሚ ካርተር፣ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የሶቪየቶች ሒሳብ ለየብቻው ትልቅ ነው። መሣሪያው የተሞረደው ግን በአንድ የሚኒያፖሊስ ወኪል ንኡስ ኮሚቴ ውስጥ ነበር።

ከፍሬዘር በኋላ የመጡት ማርቲን ሳቦ ሌላ ዓይነት ሰው ነበሩ። ከሰሜን ዳኮታ የመጡ የኖርዌጂያን ዘር፣ ብዙ የማይናገሩ፣ በ22 ዓመታቸው የግዛት ምክር ቤት የገቡ። ለ28 ዓመት በጀት ላይ ቁጭ ብለው ለከተማዋ የባቡር መስመርና መንገድ አስገኙ፤ ስማቸውን የያዘው የብስክሌት ድልድይ ዛሬም አለ። ስለ እሳቸው ብዙ የሚጻፍ ነገር የለም፤ ለወኪል ይህ ምናልባት ምስጋና ነው።

በ2006 ሳቦ ጡረታ መውጣታቸውን ሲያስታውቁ ወንበሩን ለጽሕፈት ቤት ኃላፊያቸው ማይክ ኤርላንድሰን ተመኙ። የፓርቲው ጉባዔ ግን ኪት ኤሊሰንን መረጠ። ኤሊሰን ዲትሮይት የተወለዱ፣ ካቶሊክ ሆነው አድገው የሰለሙ ጥቁር አሜሪካዊ ጠበቃ ናቸው። ቅድመ ምርጫው ያን ጊዜ ገና በሴፕቴምበር ነበር፤ የዋለበት ቀን በእኛ የ1999 ዓ.ም. ሁለተኛዋ ዕለት ናት። ኤሊሰን 41 በመቶ አግኝተው አለፉ። ጥቅምት ላይ ሲያሸንፉ የመጀመሪያው ሙስሊም የኮንግረስ አባል ሆኑ፤ በቶማስ ጄፈርሰን ቁርኣን ቃለ መሐላ የፈጸሙበት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። ከኤሊሰን እስከ ኦማር ያለው ታሪክ የተጻፈው በ41 እና በ48 በመቶ ነው። ይህን የምለው ድሉን ለማሳነስ አይደለም። የተከፋፈለ የፉክክር ሜዳ በሌላ ቦታ ደጃፉን የማያገኝ ሰው እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ነባር ልሂቃን ብቻ የሚዘዋወሩበትን ክበብ የሚሰብረው እሱ ነው። ዋጋው ደግሞ ገቢው ሰው የአብዛኛው ምርጫ መሆኑ ሳይረጋገጥ መቅረቱ ነው። የሚገርመው ሚኒያፖሊስ ለከንቲባዋ ይህን ችግር ፈታዋለች፤ ከ2009 ጀምሮ መራጩ ዕጩዎችን በደረጃ ያስቀምጣል፣ ቅድመ ምርጫ የሚባል የለም። ለኮንግረስ ግን ሕጉ የግዛቱ ስለሆነ ያው የድሮው ነው።

ኦማር ከገቡ በኋላ የተከተለውን ጩኸት አንባቢ ያውቀዋል። ምክር ቤቱ በ1837 ያወጣው የባርኔጣ ክልከላ ለሂጃብ ሲባል ተሻሻለ። ስለ እስራኤል ደጋፊ ቡድኖች ገንዘብ የጻፉት አጭር መልእክት ከፓርቲያቸው ሳይቀር ወቀሳ አመጣባቸው፤ ይቅርታ ጠየቁ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ «ወደመጡበት ይመለሱ» ባሉበት በ2019 በኖርዝ ካሮላይና ሰልፈኛው «መልሷት» እያለ ጮኸ። በፌብሩዋሪ 2023 ሪፐብሊካኖች በ218 ለ211 ድምፅ ከውጭ ጉዳይ ኮሚቴ አስወጧቸው።

የአዲስ አበባ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ግን የ2024ቱ ንግግር ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የሶማሌላንዱ ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ። በወሩ መጨረሻ ኦማር ሚኒያፖሊስ ውስጥ ለተሰበሰቡ ሶማሌዎች በሶማሊኛ ተናገሩ፤ ሰነዱን ተቃወሙ፣ በምክር ቤት ሳሉ የሶማሊያ ባሕር እንዳይነካ እንደሚከታተሉ ለታዳሚው አረጋገጡ። የንግግሩ ቪዲዮ የተዛባ የእንግሊዝኛ ትርጉም ተለጥፎበት ተሰራጨ። ሪፐብሊካን መሪዎች ዜግነታቸው ይነጠቅ፣ ከሀገር ይባረሩ ብለው ተነሡ። በኋላ ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች ሲተረጉሙት ተናገሩ የተባለውና በእርግጥ የተናገሩት እንደማይገጥም ታየ። ክሱ በሐሰት ትርጉም የቆመ ነበር፤ ይህ ግን ሁሉንም አይዘጋም። በዚያው ክልል ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኦሮሞዎችና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በጁላይ 2018 ዐቢይ አሕመድን ለማየት የሚኒያፖሊሱን ታርጌት ሴንተር የሞሉት እነሱ ናቸው። በባሕር በሩ ጉዳይ ወኪላቸው የማንን ድምፅ ይዘው ነበር የተናገሩት? ጀድ ለቺያንግ ሲከራከሩ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ቻይናዊ መራጭ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ዛሬ የሁለቱም ጎረቤት ሀገሮች ሰዎች በአንድ የምርጫ ጣቢያ ይሰለፋሉ።

ሴዳር ሪቨርሳይድ የሚባለውን የሚኒያፖሊስ ሰፈር ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ባለቀለም ፓነል ያላቸው ረጃጅም ሕንፃዎቹ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቆመዋል፤ በሥራቸው የሶማሌ ሱቅ፣ የኦሮሞ ካፌ፣ የእንጀራ ሽታ አለ። ከመቶ ዓመት በፊት ይኸው ሰፈር የስዊድንና የኖርዌይ ስደተኞች መኖሪያ ነበር፤ በከንፈራቸው ሥር ከሚይዙት የትንባሆ ዱቄት የተነሣ ዋና ጎዳናውን «ስኑስ ጎዳና» ይሉት ነበር። እነሱም በጊዜያቸው የመጡበትን ሀገር ፖለቲካ በቋንቋቸው ጋዜጣ ይከራከሩበት ነበር።

ኦማርን ሊጥላቸው ምንም ያህል ያልቀረው ጉዳይ ግን ከባሕር ማዶ አልመጣም። ሜይ 25 ቀን 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በዚሁ ክልል ውስጥ፣ በ38ኛውና በቺካጎ መንገዶች መገናኛ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞተ። በዚያ ዓመት ነሐሴ ከመላ ሀገሪቱ በተሰበሰበ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የታገዙት ጠበቃ አንቶን ሜልተን ሚዮ ተፎካከሯቸው፤ ኦማር ወደ 58 በመቶ አግኝተው በቀላሉ አለፉ። በ2021 የከተማዋን ፖሊስ በሌላ መሥሪያ ቤት ለመተካት ሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ ኦማር ደገፉ፤ 56 በመቶው መራጭ ተቃወመ። ከተቃዋሚዎቹ ግንባር ቀደሙ የቀድሞው የከተማ ምክር ቤት አባል፣ ትውልደ ጃማይካዊው ዶን ሳሙኤልስ ነበሩ። በ2022 ነሐሴ ያንኑ ጥያቄ ይዘው ቀረቡ፤ ያን ያህል ገንዘብም፣ ያን ያህል ዝናም አልነበራቸውም። ኦማር ያሸነፉት 50.3 ለ48.2 በሆነ ውጤት፣ በ2,500 ገደማ ድምፅ ልዩነት ነው። በድምፅ አሰጣጡ የተሳተፈው ሰው 115,000 ያህል ብቻ ነበር። ሦስት ወር ቆይቶ በጥቅምቱ ምርጫ ኦማር 74 በመቶ አገኙ፤ ይህን ቁጥር ብቻ ያነበበ ሰው ወንበሩ ከመናወጡም አልሰማም።

በ2024 ሳሙኤልስ ተመለሱ፤ ኦማር ግን ትምህርት ወስደው ቆይተዋልና በ56 ለ43 አሸነፉ። የድምፅ ቅስቀሳ ሥራቸው ቤት ለቤት የሚሄድ፣ በስደተኛው ሕንፃ ውስጥ ከደረጃ ደረጃ የሚወጣ ነው። በ2016 ደግሞ ለ44 ዓመት በግዛቱ ምክር ቤት የቆዩትን ፊሊስ ካንን ያሸነፉትም በዚያው መንገድ ነበር።

የፓርቲው ጉባዔ ይሁንታም እንደ ድሮው አይደለም። በ2025 የሚኒያፖሊስ ዲኤፍኤል ጉባዔ የግዛት ሴናተሩን ኦማር ፋቴህን ለከንቲባነት ደገፈ፤ የግዛቱ ፓርቲ በድምፅ አቆጣጠሩ ጉድለት ምክንያት ውሳኔውን ሻረ፤ ኖቬምበር ላይ ከንቲባ ጄኮብ ፍሬይ ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፉ። ፓርቲው ቀጭን ሆኗል፣ ክፍፍሉም አደባባይ ወጥቷል። የግራ ክንፉና መሐል ሰፋሪው ሁለት ፓርቲ ቢሆኑ የሚሻላቸው ይመስላል፤ የሚገናኙት በነሐሴው ሳጥን ላይ ብቻ ነው።

ከዚህ በላይ ግን የክልሉን ነገ የሚወስነው አሰልቺ የሚመስል ጉዳይ ነው፤ ቆጠራ። በ2020ው ቆጠራ ኒው ዮርክ 89 ሰዎች ብቻ ቢጨምሩላት ኖሮ የሚኒሶታ ስምንተኛ ወንበር ወደ እሷ ይሄድ ነበር። ሁለቱ ፓርቲዎች በካርታ ስለማይስማሙ ድንበሩን ላለፉት አሥርት ዓመታት ያሰመሩት ዳኞች ናቸው፤ የመጨረሻውን አምስት ዳኞች በፌብሩዋሪ 2022 አወጡት። ዛሬ እያንዳንዱ ክልል 713,000 ያህል ሰው ይዟል። በ2030 ቆጠራ ሚኒሶታ ወደ ሰባት ከወረደች፣ አሁን ባለው ሕዝብ እንኳ ብናሰላው እያንዳንዱ ክልል ከ800,000 በላይ ይይዛል። ሚኒያፖሊስ መሐል ላይ ስላለች 5ኛው ክልል የሚሰፋው ወደ ዳር ከተሞች ነው፤ ሳሙኤልስ ጥሩ ድምፅ ወደሚያገኙባቸው ዓይነት ሰፈሮች። በ2022 ልዩነቱ 2,500 ነበር፤ አዲሱ ካርታ የሚያመጣው ሰው ቢያንስ መቶ ሺህ ነው፤ በነሐሴ ስንቱ እንደሚወጣ ግን ከወዲሁ ሊናገር የሚችል የለም።